የሐጂ ዩሱፍ ቦታና የከዲጃ ጥልፍ ማሽን

በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ የነበርነው የኮምፒውተር ጥገናው ባለቤት አብዲ፣ ብየዳ የምትሠራው ነስራ፣ የጥልፍ ማሽኗን ከነኮምፒውተሩ በባጃጅ ያመጣችው ከዲጃና እኔ ነን። ለእኔ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። ከዚያ በፊት ሳቢያን ሰፈር፣ ቤታችን ተቀምጬ፣ ስለ ከርነል ብቻዬን ሳነብ ነው የኖርኩት። ከርነል ማለት ኮምፒውተር ሲነሳ ቀድሞ የሚነቃውና ሜሞሪውን ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ክፍል ነው።

ከዲጃ የእህቷን የሰርግ ቀሚስ እየጠለፈች ነበር። አንዱ እጅጌ አልቋል፤ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ቆሟል። ሰርጉ ዓርብ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ከጅቡቲ የመጣ ስለሆነ ሌላ አይገኝም። በዚያ ሳምንት አብዲ የኮምፒውተሯን ሲስተም እንደ አዲስ ጭኖላት ነበር። ከዚያ ወዲህ መርፌው ጥቂት ቅጠል ይሰፋና መንገዱን ስቶ ጨርቁን ይወጋጋል።

«አቦ፣ ይሄ ማሽን ሰክሯል ወላሂ» አለችው አብዲን። «ቀሚሱን ከሚቀድብኝ አንተን ቢወጋህ ይሻለኛል።»

አብዲ ሳቀና ችግሩ የመርፌው ይሆናል አላት። መርፌውን እሷ ራሷ ቀይራው ነበር።

ኮምፒውተሩን አስነሳሁና ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚወርዱትን መስመሮች በስልኬ ቀረጽኩ። ከርነሉ የሜሞሪውን ካርታ ያወጣል፤ ከታች እስከ ጫፍ ሁሉም ነፃ ነው ይላል። ዝቅ ብሎ የጥልፍ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን የጥልፍ ማሽኑን ከሚያዝዘው ካርድ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ካርዱ የሚጠቀምበትን የሜሞሪ አድራሻ ይጽፋል። ስህተት የሚል ቃል የትም የለም።

ቀትር ላይ ሱቁ ተዘጋ። በዚያ ሰዓት ሙቀቱ ራሱ ድምፅ ያለው ይመስላል፤ የሚያልፈው ባጃጅ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ነው የሚሰማው። ሁሉም ጓዳው ምንጣፍ ላይ ጋደም አለ። እኔ መስኮቱ ሥር ባዶ ቦታ አገኘሁና ትራሱን ሳብኩ።

«እዚያ አይሆንም» አለች ነስራ ዓይኗን ሳትገልጥ። «የሐጂ ዩሱፍ ቦታ ነው።»

ሐጂ ዩሱፍ የአብዲ አጎት ነው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። መቼ እንደሚመጣ ጠየቅኳት።

«እሱ ደውሎ አይመጣም። ገብቶ ይጋደማል፣ አለቀ።»

በሩ አጠገብ ሄጄ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰድ መለስ ሲያደርገኝ መስመሮቹ ጣሪያው ላይ መውረድ ቀጠሉ። ነፃ፣ ነፃ፣ ነፃ። የድራይቨሩ አድራሻ ሜሞሪው ጫፍ ላይ ነበር፤ ነፃ ከተባለው ውስጥ። ካርዱ የስፌቱን ነጥቦች ከዚያ ጥግ፣ ከርነሉን ሳይጠይቅ ያነባል። ከርነሉ ግን ጥጉን ለሌላ ፕሮግራም ሰጥቶታል፤ ያ ሲጽፍበት መርፌው መንገዱን ይስታል።

ተነስቼ ከድሮው የማስነሻ ትእዛዝ ላይ የሰረዘው ነገር እንዳለ አብዲን ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበ። ከርነሉ ሜሞሪው ጫፍ ሳይደርስ እንዲቆም የሚያዝዝ ቃል ነበር አለኝ፤ አሮጌ ትርፍ ነገር መስሎት፣ ኮምፒውተሩ ይፍጠንላት ብሎ አውጥቶታል።

«ትርፍ አይደለም» አልኩት። «የሐጂ ዩሱፍ ቦታ ነው።»

ነስራ እንደተኛች ሳቀች።

ቃሉን መለስነው። ካርታው አሁን ጫፉ ሳይደርስ ቆመ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ አበባው በትክክል ወጣ፤ ከዲጃ ግን ሌላ ቁራጭ፣ ከዚያም ሌላ አስጠለፈችን። በመጨረሻ እጅጌውን ራሷ ወጠረችው። ስፌቱ እስኪያልቅ እጇን ከማቆሚያው ቁልፍ ላይ አላነሳችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሽን አስነስቻለሁ። ባዶ የሚመስል ቦታ ሳገኝ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልነካም። ሥራው ያስተማረኝ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አልጠራልኝም። በዚያው ቀን ሐጂ ዩሱፍም ሳይደውል ገብቶ መስኮቱ ሥር ተጋድሟል፤ ግን እጅጌው ከማለቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አብዲ፣ ነስራ፣ ከዲጃ፣ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ የምታስታውሱትን ጨምሩበት።