ከስምንተኛ ፎቅ ያየሁት ድንኳን

ከቤቴ በሚኒባስ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ላይ ዐሥራ ሁለት ቀን ታስሬ አውቃለሁ። ያሰሩኝ ሰዎች ጠዋት ጠዋት እንቁላሉ እንዴት ሆኖ እንዲጠበስልኝ እንደምፈልግ ይጠይቁኝ ነበር። አልጋው ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ፎጣው በየቀኑ ይቀየራል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ አይቋረጥም። መካኒሳ አቦ የሚኖር ሰው ውሃ በማይቋረጥበት እስር ቤት አማረርኩ ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ለማንም አላማረርኩም።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። ያን ዓመት ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሳምንት፣ ለተማሪዎች የሚሰጥ አንድ ትልቅ ፈተና እንድናወጣ ከየትምህርት ቤቱ ተመርጠን እዚሁ ንፋስ ስልክ ያለ ሆቴል ገባን። ፈተናው እንዳይሾልክ ሲባል ሥራው እስኪያልቅ ከውጭ ሰው ጋር አንገናኝም። ስልካችንን በየፖስታው አሽገው ወሰዱት። የመኝታ ክፍሉ ስልክ ከእንግዳ መቀበያው ሌላ የትም አይደውልም። የወጣ ሰው አይመለስም፤ ያየው ጥያቄም ሁሉ አብሮት ይጣላል። ይህን አንብበን ፈረምን። ስፈርም ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሆቴሉ ከሞል ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ የመስታወት በር አለ። ከበሩ ወዲህ ምንጣፍና ጸጥታ፣ ከበሩ ወዲያ ጫማ ቤት፣ ሽቶ ቤት፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ሰው። በሩ ላይ ጥበቃ ተቀምጧል። ከምሳ በኋላ መስታወቱ ሥር ቆመን ነፃውን ሕዝብ እናያለን። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ አንዱን ጫማ አራት ጊዜ ለክታ ሳትገዛው ሄደች፤ እራት ላይ ትክክል ናት አይደለችም ብለን ሁለት ቡድን ተከፍለን ተከራከርን። እስረኛ ወሬ አይመርጥም።

የእኔ ክፍል ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የጂኦግራፊ መምህር ባልደረባዬ መስኮቴ ጋ ቆመው አቅጣጫ አስተማሩኝ። የአቦን ጉልላት ካገኘሽ ሌላው ቀላል ነው አሉኝ። እውነትም ቀላል ነበር። ከጉልላቱ ወደ ግራ አዲሱ ያላለቀ ፎቅ፣ ከፎቁ ሥር የእኛ መንደር፣ ከመንደሩ መሐል ቢጫ የውሃ ታንከር የተሰቀለበት ጣሪያ፣ ከዚያ ሁለት ቤት አልፎ የዛገው ቆርቆሮ የእኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው መጋረጃውን ገልጬ ቤቴን አያለሁ። በረንዳችን አይታይም፤ ሰውም አይለይም። ጣሪያው ቦታው ላይ መኖሩን አይቼ ወደ ቁርስ እወርዳለሁ።

ከዚያ ቆርቆሮ ሥር እናቴ ተኝታለች። የልብ ሕመምተኛ ናት። ሐኪሙ ከጨው፣ ከደረጃና ከድንጋጤ ጠብቋት ብሎናል። ጨውና ደረጃው አላስቸገረንም። ስሄድ ታናሽ እህቴ ትጠብቃታለች ብዬ ነው የሄድኩት፤ ዐሥራ ሁለት ቀን ምን አላት ብዬ። ሆቴሉ ውስጥ ግን ዐሥራ ሁለት ቀን እንደ ዐቢይ ጾም ይረዝማል።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ መንደራችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

ዓይኔን አሸሁ። ጉልላቱን፣ ያላለቀውን ፎቅ፣ ቢጫውን ታንከር እንደገና ቆጠርኩ። ድንኳኑ ከታንከሩ ቀጥሎ፣ የእኛን ጣሪያ ግማሽ ሸፍኖ ቆሟል። በእኛ በር ላይ ይሁን በጎረቤት በር ላይ ከዚያ ርቀት አይለይም። የእድራችን ድንኳን ደግሞ አንድ ነው፤ ለሰርግም እሱ፣ ለለቅሶም እሱ። ወሩ የሰርግ ወር ነው። ሰርግ ቢሆን በድምፅ ማጉያው እለየዋለሁ ብዬ ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። መስኮቱ አይከፈትም። ከጆሮዬ ሥር የሚሰማኝ የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

የጂኦግራፊውን መምህር ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አድርገው፣ እንደገና አውልቀው አዩ። ከዚህ ርቀት ምንም ማለት አይቻልም፣ ሰርግ ነው በይ አሉኝ። ሰርግ ነው አልኩ። ያን ቀን ካወጣኋቸው ጥያቄዎች አንዱ ትክክለኛ መልስ ሳይኖረው ቀርቶ ባልደረቦቼ ናቸው የያዙት።

ከሰዓት በኋላ አስተባባሪያችን ዘንድ ሄድኩ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ላለማስቀየም የሚጨነቅ ሰው ነው። ቤት ደውልልኝ፣ እናቴ ደህና መሆኗን ብቻ ጠይቅልኝ አልኩት። ከበላይ ማስፈቀድ አለብኝ አለ። የእህቴን ቁጥር በቃሌ ነገርኩት፤ ጻፈና ሁለት ጊዜ መልሶ አነበበልኝ። እስከ ማታ አልመጣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትላለች እናቴ ራሷ። ያቺ ተረት ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች ቆመዋል፦ አስተባባሪው፣ የጂኦግራፊው መምህርና ክፍል የምታጸዳው ሴት። በእኛ አገር ማለዳ፣ ሦስት ሆኖ፣ ዝም ብሎ በር ላይ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። አንድም ቃል አልጠበቅኩም። "እማዬን!" ብዬ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋሁ። ከኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ በሮች ተከፈቱ፤ አንድ ፈረንጅ በካልሲው ወጥቶ ቆመ።

ሦስቱም በአንድ አፍ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው ይላሉ። ሴቲቱ ደረቴን እያሻሸች ታባብለኛለች። ለካ አስተባባሪው ሌሊት ፈቃድ አግኝቶ ደውሏል። ስጨነቅ እንዳላረፍድ ብሎ በማለዳ ሊነግረኝ መጣ። ብቻዬን የሴት ክፍል ማንኳኳት ነውር ነው ብሎ ሽማግሌውን ቀሰቀሰ፤ ሁለት ወንድ መሆኑም ደስ አላለውምና ጽዳት ላይ ያገኛትን ሴት ጨመረ። በጨዋነቱ ሊገድለኝ ነበር።

ውሃ አጠጥተው አስቀመጡኝ።

"ማን አነሳው?" አልኩት።

"እህትሽ። እናታችሁ ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል አለችኝ።"

"ድንኳኑስ?"

"እሱን አልጠየቅኳትም።"

"ድምጿ እንዴት ነበር?"

አንገቱን ደፋ። ውሸት የማይችል ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቢችልበት ደስ ባለኝ።

"ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ" አለ።

ያቺን ቃል ስሰማ ልቤ ቁርጡን ያወቀ መሰለው። አባታችን የሞተ ጊዜ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናውን ይፈተን ነበር። ማታ ማታ ይደውላል። አምስት ቀን ሙሉ፣ አባባ ደህና ነው፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው እያልኩ መለስኩለት። ድምፅሽ ምነው ሲለኝ ጉንፋን ነው አልኩት። ስልኩን ስዘጋ እናቴ ጎሽ ልጄ ትለኝ ነበር። ፈተናውን በጨረሰ ማግስት ማለዳ ሦስት ሰው ልከን አረዳነው። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ! አሁን ከዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ ለእኔ "ደህና ናት" የሚል ሰው ሁሉ እኔው ራሴ ሆነብኝ። እናቴ በሕይወት ብትኖር "ደህና ናት" ይሉኛል። ብትሞትም "ደህና ናት" ይሉኛል። ከሆቴሉ የሚያስወጣ በር ቢገኝ፣ ከዚህኛው የሚያስወጣ በር አልነበረም።

ባልደረቦቼ ያን ቀን እንደ ቅቤ ለሰለሱልኝ። አንዱ ወንበር ይስብልኛል፣ ሌላዋ ከራሷ ሳህን ታጎርሰኛለች። ደግነታቸው አስፈራኝ። የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ቀናት ማንም አጉርሶኝ አያውቅም።

ከምሳ በኋላ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ መስታወቱ በር ወረድኩ። የዕለቱ ጥበቃ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ያሳልፉኝ፣ እናቴ ሳትሞት አልቀረችም አልኳቸው። ማን ነገረሽ አሉኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ድንኳን አይቼ ነው አልኩ። አልሳቁብኝም። ግራና ቀኙን ቃኙ፣ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ካርዳቸውን አስነክተው በሩን ከፈቱት።

"ሂጂ ልጄ። እኔ አላየሁሽም።"

የሞሉ ጫጫታና የፈንዲሻ ሽታ ፊቴን መታኝ። ደረጃውን ወርዶ አስፋልቱ ነው፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ሚኒባስ። እግሬ አልተነሣም። የባልደረቦቼን የዐሥራ አንድ ቀን ድካም አሰብኩ፤ የጥበቃውን እንጀራ አሰብኩ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፣ ያስቀሩኝ ግን እነሱ አይደሉም። ከወጣሁ አውቃለሁ። ካልወጣሁ እናቴ ቢያንስ እስከ ነገ አለች። ይቅር አባቴ ብዬ ተመለስኩ። ሰውዬው በሩን ሲዘጉ ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነው የዘጉት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሥራው አለቀ። ፖስታችንን መለሱልን። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ቤቱ ሲደውል እኔ የራሴን እንደተዘጋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የጂኦግራፊው መምህር ልሸኝሽ አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ የሚሸኝ ሐዘንተኛ ነው። በሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ሁለት ጊዜ "ሂሳብ" እስኪለኝ አልሰማሁትም። ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፦ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም፣ ለማንም "ደህና ነው" ብዬ አልዋሽም።

ቅያሱ ጋ ስደርስ ድንኳኑ እንደቆመ ነው። ውስጡ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። ሰርግ ካርታ የለውም፤ ስለዚህ ለቅሶ ነው። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሲያዩኝ ብድግ ካሉ አለቀልኝ። እግሬን እየጎተትኩ ወደ ድንኳኑ አፍ ቀረብኩ። የእድራችን ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንኳን በደህና ገባሽ አለኝና ካርታውን ጣለ። ማንም አልተነሣም።

ድንኳኑ የጎረቤታችን ነበር። ደስ አለኝ። በሰው ሐዘን ደጃፍ ቆሜ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እህቴ በራችን ላይ ጠበቀችኝ። ድምጿ ጨርሶ ተዘግቷል። ግቢ ውስጥ ጎትታ አስገብታ በሹክሹክታ ነገረችኝ። የሞቱት የጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ ከእናቴ ጋር አርባ ዓመት በአንድ አጥር ሲነጋገሩ የኖሩ፣ ልጅ ሲያማቸው ተጠራርተው ያደሩ። በእንቅልፋቸው ነው ያለፉት። ለእናቴ አልተነገራትም፤ ልቧ አይችልም። የልጅ ልጃቸው ሰርግ ነው ብለናታል አለችኝ። የለቅሶው ድምፅ እንዳይሰማ ሦስት ቀን ሙሉ ሬዲዮ ከፍታ፣ እሷ የምታለቅሰው ሽንት ቤት ገብታ ነው። አደራሽን አለችኝ፣ አንቺ ስትነግሪያት ነው የምታምነው።

እናቴ ፊቷን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ስገባ ዞረች። ጉንጬን ስማ፣ ከስተሻል፣ ሆቴሉ አያበላም እንዴ አለችኝ። እጇ ሞቃት ነበር። ያን እጅ ይዤ ሌላ ነገር ሁሉ ቢቀርብኝ ግድ አልነበረኝም።

"ድንኳኑን አየሽው?" አለችኝ።

"አየሁት እማዬ።"

"የምንድን ነው?"

እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። በሚኒባሱ ውስጥ የማልኩት መሐላ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም።

"ሰርግ ነው" አልኩ። "የልጅ ልጃቸው።"

እናቴ ረጅም ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ እጄን ለቀቀችና ጋቢዋን እስከ አገጯ ሳበች።

"እሰይ፣ ይቅናቸው" አለች። "በይ ሳትቀመጪ ደርሰሽ ነይ። እኔ መነሣት አልቻልኩም በይልኝ። ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ልበሺ።"