የአንድ ቀን የሥራ ልምድ

ለሥራ በተፈተንኩበት ቀን ሠላሳ ብርድ ልብስ ከዋጋቸው በታች ሸጥኩ። ሰላም ያልኩ መስሎኝ ነበር።

ጅጅጋ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብርድ ልብስና የዱቄት ወተት በጅምላም በችርቻሮም የሚሸጥ አንድ ድርጅት ማስታወቂያ አወጣ። «በማኔጅመንት የተመረቀ ሠልጣኝ የሱቅ ሥራ አስኪያጅ፣ ብዛት አንድ» ይላል። ከሰማንያ ሦስቱ የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ተመርቄ አሰበ ተፈሪ እናቴ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ለፈተና መጠራቴን የሰማ ዘመድ ሁሉ የተቀጠርኩ መሰለው፤ እኔም ጥቅሜን አውቅ ነበርና አላረምኩም። በግ ታረደ፣ ምርቃት ወረደልኝ፣ ጫማ ተገዛልኝ። በግ አርዶ የሸኘህ ዘመድ ፊት ባዶ እጅህን አትመለስም፤ በጉ አይመለስማ። ባቢሌን አልፌ ጅጅጋ የገባሁት ይህን በግ ተሸክሜ ነው።

ፈተናው ሦስት ክፍል ነበረው። ጠዋት የጽሑፍ፣ ቀጥሎ የቃል፣ ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባንኮኒ ኋላ ቆሞ መሸጥ። የመጨረሻውን የጨመሩት የሱቁ ባለቤት ሐጂ ዋይስ ናቸው። ወረቀት ያወቀ ሁሉ ዕቃ አያውቅም ይሉ ነበር።

የጽሑፉን ያለፍነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ሆዳን የምትባል የጅጅጋ ልጅ። ሆዳን አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ግን የተናገረችው መሬት አይወድቅም። ሒሳብ ሹሙ አቶ ላቀው ሁለታችንንም አንድ ላይ አስቀምጠው ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁን። እኔ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር ብዬ እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው። እሷ፣ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ገብቶ መደርደሪያውን ያያል አለች። አቶ ላቀው የሷን ጻፉ። የእኔን ቀድሞም ያውቁታል፤ መጽሐፉ አንድ ነው።

ከሰዓት በፊት ባንኮኒ ኋላ ቆምን። እሷ በጨርቁ በኩል፣ እኔ በብርድ ልብሱ በኩል። ሐጂ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ መስጊድ ሄዱ። አቶ ላቀው ስቶር ውስጥ ዕቃ ያስቆጥራሉ። በዚህ መሐል ሽርጥ የታጠቀ፣ ትከሻው ላይ ሻል የጣለ ጎልማሳ ገባ። የከብት ደላላ ነው፤ አውበሬ በምትባል የጠረፍ ከተማም ሱቅ አለው። ብርድ ልብሶቹን ዳሰሰ፣ ጠጋ አለ፣ ሻሉን አውርዶ እጁ ላይ ጣለና ከሥሩ እጁን ዘረጋልኝ።

የአገሬው ሰው ይህን ያውቀዋል። በከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ ሻል ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ የተያዘው ጣት ብዛት ዋጋውን ይናገራል፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። እጅ ከተጨበጠና ከተወዘወዘ ደግሞ ነገሩ አለቀ፣ ተሸጠ ማለት ነው። ጅምላ ገዢ ሲመጣ ወጉ ሱቅ ውስጥም ይገባል።

እኔ ይህን ከየት ልወቀው? ሰውየው እጁን ቢያመው ነው የሸፈነው ብዬ አዘንኩ። አራት ጣቴን ያዘ፤ አንድ ጣት እንደ አሥር ይቆጠራልና ለአንዱ አርባ ብር ማለቱ ነው። እኔ ሁለት እጄን ሻሉ ሥር አስገብቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «እንደምን ዋሉ» እያልኩ ደጋግሜ ወዘወዝኩለት። እናቴ ሰውን በአንድ እጅ ጨብጥ ብላ አላሳደገችኝም። ሰውየው ዓይኑ በራ። ሠላሳውን ብርድ ልብስ ቆጥሮ መደርደር ጀመረ። እኛ ጋ የገቡት በሃምሳ አምስት ነው።

ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ በአርባ በአርባ ሲቆጥር የሆነው ገባኝ። በጉ ታየኝ።

ሆዳን ሜትሩን አስቀምጣ መጣች። ሰውየውን «አዴር» ብላ ጠራችው፤ ለማንኛውም ትልቅ ሰው የሚባል፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። በሶማሊኛ ረጋ ብላ አናገረችው። ያለችውን የተረዳሁት ኋላ፣ ቋንቋውን ስለምድ ነው፤ ያኔ የያዝኩት ድምፁን ብቻ ነበር።

«አዴር፣ ይህ ሰው ሰላም አለህ እንጂ አልሸጠልህም። አንተ ሰላምታ ቀምቶ የሚሄድ ነጋዴ ነህ እንዴ?»

ሰውየው እኔን አየኝ፤ አዲሱን ጫማዬን አየው፤ ሳቀ። ሻሉን ትከሻው ላይ መለሰ። ከዚያ ሁለቱ በአፍ ተከራከሩ። እሷ እጅ አልሰጠችም፤ ሴት ለባዕድ ወንድ እጅ አትሰጥም። በስልሳ ሁለት ጨረሱ። እሱ ጭኖ ሄደ፤ እሷም ሶላቷ እንዳያልፋት ወደ ጓሮ ገባች።

ሐጂ ሲመለሱ ያገኙት እኔንና ባዶ መደርደሪያ ነው። ዋጋውን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከዚያ ሰውዬ ጋር እንዴት ተስማማህ አሉኝ።

«እጅ ለእጅ ተጨባብጠን ነው፣ ሐጂ።»

ልብ በሉ፣ ውሸት የለበትም። ሐጂ አጨበጨቡ። አቶ ላቀውን ጠርተው፣ ይህ የደጋ ልጅ በመጣ በቀኑ ሻል ሥር ገባ አሉ። ሆዳን ከጓሮ ስትመለስ ይህንኑ እያወሩ ነበር። እኔ እሷን አላየሁም፤ ማለት፣ እንዳላያት ጫማዬን አየሁ። እሷም ሜትሯን አንሥታ ወደ ጨርቁ ተመለሰች። ለምን እንዳልተናገረች እስከ ዛሬ አላውቅም።

በነጋታው ተቀጠርኩ። ሐጂ ለሆዳን የነገሯት ግልጽ ነው፤ ጎበዝ ነሽ፣ ግን እጅ መስጠት አትችይም። በር ላይ አገኘኋት። ምን እንደምል ሳልወስን እሷ ቀደመችኝ።

«አትፍራ፣ አልናገርም። አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ሆዳን እዚህ ሱቅ አንድ ቀን ሠርታለች በል። ሌላ ቦታ ልምድ ይጠይቁኛል።»

እጽፋለሁ አልኳት።

ሐጂ የብርድ ልብሱን ወሬ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ነገሩ። ሶማሌ ለሰው ቅጽል ስም ሳይሰጥ አያድርም፤ እኔም ደምሴ ገዓን ተባልኩ፤ «ባለ እጁ ደምሴ» ማለት ነው። ስሙ ከዲግሪዬ በላይ ጠቀመኝ። ከሠልጣኝነት ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት አወጣኝና ወደ ጠረፍ ከተማዋ ቶጎጫሌ ላከኝ። ሻል ሥር መነጋገሩን የተማርኩት እዚያ፣ ስሙ ከወጣልኝ በኋላ ነው።

ቶጎጫሌ ላይ ሆዳንን አገኘኋት። ኬላ ላይ የሚነግዱበት ልብስ እንዳይወሰድባቸው አራት አምስት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው ሚኒባስ ከሚሳፈሩት ሴቶች አንዷ ሆናለች። በዚያ ሙቀት። ፊቷ በላብ ርሶ፣ እጇን ከቀሚሶቹ መሐል ማውጣት አቅቷት ስታየኝ ሳቀች።

«ሥራ አስኪያጅ፣ ደብዳቤዬስ?»

«ማኅተሙ ጅጅጋ ነው» አልኳት።

ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ግን ደብዳቤው ያንን ቀን ይጠራል፤ ያ ቀን ከተጠራ ብርድ ልብሱ ይነሣል፤ ብርድ ልብሱ ከተነሣ ስሜ ይወልቃል። በሚቀጥለው ጊዜም ጠየቀችኝ፤ ማኅተሙ ጅጅጋ ነው አልኩ። በሦስተኛው፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «አውቃለሁ፣ ጅጅጋ ነው» ብላኝ ተሳፈረች።

ሐጂ ሞቱ። ልጃቸው አህመድ ተተካና ጅጅጋ ላይ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሊከፍት ምሩቃን ፈለገ። አሁን ጠያቂው እኔ ሆንኩ። ፊቴ ውኃ፣ ነጥብ መስጫ ቅጽና ያች የጥንት ጥያቄ አሉ፤ ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ምን ያደርጋል? ከመጡት አብዛኞቹ አቶ ላቀውን ያሰለቸሁባቸውን አራት ቃላት ደገሙልኝ። ቅጣቴ ነው ብዬ ቆጠርኩት።

ከሰዓት በኋላ ሆዳን ገባች። ድሮ የነበራት ዲፕሎማ ነው፤ አሁን በማታ ትምህርት ዲግሪዋን ይዛለች። ጥያቄውን ሁሉ ከሌሎቹ በላይ መለሰች። የቀረው የሥራ ልምድ ነው። አህመድ፣ በሱቅ ሥራ የሠራሽበት ማስረጃ አለሽ ወይ አላት።

«አንድ ቀን ሠርቻለሁ» አለች። «እዚሁ፣ በአባትህ ጊዜ። አቶ ደምሴ ያውቃሉ።»

አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት አንቱ አለችኝ። አህመድ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ አባቱ ያን ወሬ ሲያወሩ ያደገ ልጅ ነው። እውነት ነው ወይ አለኝ።

«በዚያን ጊዜ ብዙ አመልካች ነበር» አልኩ። «አላስታውስም።»

ባንኮኒ ኋላ የቆምነው ሁለት ነበርን።

ሆዳን ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ሰበሰበች። አልቸኮለችም። «ይሁን» ብላ ወጣች። ልምድ በሚለው ሳጥን ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራውን ያጣችው በዚያ ሳጥን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱም ከሰረና ተዘጋ፤ ማኅተሙ ለመንግሥት ተመለሰ። እኔ ጡረታ ወጣሁ። ሥራ የፈታ ሽማግሌ ሕሊናው ድምፅ ይበዛበታል። አንድ ጠዋት ተቀመጥኩና ደብዳቤውን ጻፍኩ። «ሆዳን በዚህ ሱቅ አንድ ቀን ሠርታለች። በዚያ ቀን ሠላሳ ብርድ ልብስ ሸጣለች። ሽያጩ በእኔ ስም ተወርቷል፤ የእሷ ነው።» ፈረምኩና እሷ አለች ወደተባልኩበት ወደ አውበሬ በሚኒባስ ወረድኩ።

ገበያው ውስጥ ሻይ ቅጠልና ስኳር ትሸጣለች። የያዘችው ቦታ የአንድ ጆንያ ስፋት ነው። ዕቃዋ ግን በመልክ በመልኩ ተደርድሯል፤ ትንሹ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ። አርጅታለች። ደብዳቤውን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሁለቴ። ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ።

«ማኅተም የለውም» አለች።

ሻይ ቅጠል ልግዛ ብላት ሸጠችልኝ። 

አሁን ሰው የምትቀጥሩ፣ የምትፈትኑ፣ ነጥብ የምትሰጡ ልጆች፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቼ ያተረፍኩት ይህን ነው፤ የሰውን ሥራ በዓይናችሁ ባያችሁበት ቀን ጻፉለት። ሲያድር ማኅተሙ አይገኝም።

ደምሴ ገዓን የሚለውን ስም መልሻለሁ፤ ሰው ግን አልተቀበለኝም፣ አሁንም ይጠራኛል። ለሆዳን የአንድ ቀን የሥራ ልምድ አለብኝ።