የመሥራት መብት አለኝ እኮ

ከቢሮ የመጣ ሰው ጥርት ያለ አማርኛ ሲናገር ከሰማሁ አሁንም ወደ ኋላ እላለሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ፣ «በገዛ ቋንቋህ ትፈራለህ እንዴ?» ብላ ትስቅብኛለች። አዎ፣ እፈራለሁ። እሷም እዚያ ብትሆን ኖሮ ትፈራ ነበር።

ያኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል እሠራ ነበር። ሥራዬ ንጹሕ አንሶላና ፎጣ በጋሪ ወደ ፎቅ ማውጣት፣ የቆሸሸውን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ነው። ክፍል ከሚያጸዱት ሴቶች ብዙዎቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሁላችንም «ማዘር» የምንላቸው ሴትዮ ነበሩ። ስካይላይን የሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት በመኪናዬ አብረን እንሄዳለን። ማዘር ጌታን ከተቀበሉ የቆዩ፣ ጸሎት የማይሰለቻቸው ሴት ናቸው። ሞተሩን ሳላስነሳ ለመንገዱ ይጸልያሉ፣ ለአሮጌው ጎማዬ ይጸልያሉ፣ ለሱፐርቫይዘሯ ልብ ይጸልያሉ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ለባለቤታቸው ነው። ጋሼ ካንሰር ይዟቸው ሕክምና ላይ ናቸው፤ የሚታከሙትም በማዘር የሥራ ኢንሹራንስ ነው። ማዘር ከሥራ ከወጡ ኢንሹራንሱም አብሮ ይወጣል። ይህን ሆቴሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ማናጀሯም ታውቃለች።

ነገሩ የተጀመረው ለእያንዳንዷ ሴት በቀን የሚደርሳት ክፍል ሲጨመር ነው። ማዘር ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ገንዳ ለማጠብ ተንበርክከው ሲነሱ የግድግዳውን ብረት ይዘው «ኢየሱስ!» ሲሉ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማኛል። የሌሎቹም ወገብ ደህና አልነበረም። በዚህ መሃል ከዩኒየን አንዲት ልጅ እየመጣች ከሆቴሉ ጀርባ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ ታናግረን ጀመር። እዚሁ የተወለደች ሐበሻ ናት። ልቧ ንጹሕ ነው፤ አማርኛዋ ግን ያስቅ ነበር።

«ማኅበር እንድትገቡ ነው የምፈልገው» አለቻቸው ማዘርን።

ማዘር ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ልጄ፣ እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ማኅበር አልጠጣም።»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ኖ ኖ፣ የሚጠጣ ነገር የለም!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ገብተን ሳስረዳቸው ግን ሳቁ ጠፋ። «ማዘር፣ የቅዱሳን ማኅበር አይደለም፤ የሠራተኛ ማኅበር ነው፣ ዩኒየን። አንድ ላይ ሆነን እንድንደራደር ነው» አልኳቸው።

«እሱንም አውቀዋለሁ» አሉ። «በደርግ ጊዜ የሴቶች ማኅበር አስገብተውኝ ነበር። ስብሰባ የቀረች ሴት ስሟ ይያዛል። እኔ ሁለተኛ አልገባም።»

ሰውየው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማናጀሯ ሁላችንንም ሥራ አስቁማ ምድር ቤት ያለው ካፍቴሪያ ሰበሰበችን፤ መቅረት አይቻልም። ጸጉሩ ሸበት ያለ፣ ሱፍ የለበሰ፣ የሰፈር ሽማግሌ የሚመስል ሰው አጠገቧ ቆሟል። «እንደምን ዋላችሁ፣ ወገኖቼ» አለ። እንዲህ ያለ አማርኛ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ሴቶቹ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ሆቴሉ ከፍሎት እንደመጣ የገባኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ግን ቋንቋው እያሳሳቀ ወሰደን።

«አገር ቤት ሳትጠየቁ ከደመወዛችሁ መዋጮ ሲቆረጥ ታስታውሳላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ማን ይረሳል! ራስ ሁሉ ተነቀነቀ። «ማኅበር ማለት ያ ነው» አለ። ዩኒየን የምትለዋን ቃል አንድም ጊዜ ከአፉ አላወጣትም። «እዚህ ቨርጂኒያ ግን እናንተን የሚጠብቅ ሕግ አለ። የመሥራት መብት ይባላል። ማኅበር ገባችሁ አልገባችሁ፣ መዋጮ ከፈላችሁ አልከፈላችሁ፣ የመሥራት መብት አላችሁ። ማንም አይነካችሁም።»

ማናጀሯ አማርኛው ሳይገባት በሩ ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች።

ሰውየው አልዋሸም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሕጉ የሚለው፣ ለዩኒየን አልከፈልክም ተብለህ ከሥራ አትባረርም ነው። አሠሪህ አያባርርህም አይልም። ቨርጂኒያ ውስጥ አሠሪ ደስ ካላለው ምክንያት ሳይሰጥ ሊያሰናብትህ ይችላል። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ሰውየው ዋጥ አደረገው። እኛም እጁን እየጨበጥን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ማዘር እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። «እንዲህ ያለ ሕግ እንዳለ እስከዛሬ አንድ ሰው አይነግረኝም? እኔ እኮ ጋሼ እንዲህ ሆኖ ሥራዬን ባጣስ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም!»

«ማዘር፣ እንደዚያ ማለት አይደለም» አልኩ።

አላመኑኝም። ኮሌጅ ለምትማረው ልጃቸው ደወሉና ስፒከር ላይ አደረጓት። ልጅቷ ሰምታ ስትጨርስ፣ «ማም፣ ዛት ኢዝ ናት ዋት ኢት ሚንስ። ዜይ ካን ስቲል ፋየር ዩ» አለች፤ አሁንም ሊያባርሩሽ ይችላሉ ማለቷ ነው።

«ዝም በይ አንቺ፣ አማርኛ አታውቂ!» ብለው ዘጉት። ወደ እኔ ዞሩ። «ሰውየው በአማርኛ ነው እኮ የነገረን። እንግሊዝኛ ቢሆን እሺ፣ ተሳስቼ ይሆናል። አማርኛ ልሳሳት?»

የዚያን ቀን ነው ፍርሃቱ የገባብኝ።

እሑድ እህቴ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ አጫወትኳት። እሷ የምትሠራበት ሆቴል ዩኒየን አለው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ያ ሕግ የለም። ትደግፈኛለች ብዬ ስጠብቅ ማማረር ጀመረች። «ከደመወዝ ቼኬ ላይ ይቆርጡብኛል፤ ስብሰባቸው አያልቅም፤ አንዱ ሰነፍ ወንድ ሲተኛ ይውላል፣ እነሱ ይከላከሉለታል። ፈልጌ ካልገባሁ ለምን ልክፈል?» እውነት ለመናገር ነጥቧ ገባኝ። እኔም በግዴታ የሚከፈል ነገር ደሜን ያፈላዋል። ተከራከርን፤ ቡናው ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። ልሄድ ስነሳ ግን፣ «አንድ ነገር ግን አለ» አለችኝ። «ቢሮ ሲጠሩኝ ብቻዬን አልገባም። ከዩኒየን አንድ ሰው አብሮኝ ይቀመጣል።» መንገዱን ሁሉ ይህን ሳሰላስል ሄድኩ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ሰውየው አልነበረም። ማናጀሯ ራሷ ስለ አዲሱ የክፍል ብዛት አወራችና ጥያቄ አለ ወይ አለች። እንደ ወትሮው ሁሉም ጫማውን አየ። ማዘር ተነሡ። ሳብ አድርጌ ላስቀምጣቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባቸውም።

«ቱ መች ሩም!» አሉ ጮክ ብለው። «ማይ ኒ ፔይን። ኦል ሌዲስ ፔይን። ኖ ጉድ!» ከዚያ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው፣ «አይ ሃቭ ራይት ቱ ወርክ!» አሉ።

ማናጀሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሐሳብሽን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ» ብላ ስማቸውን በትክክል ጠራች። ከዚያ በፊት ስማቸውን በትክክል ጠርታው አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሱፐርቫይዘሯ ማዘር ያጸዱት ክፍል ውስጥ በየቀኑ ትገባ ጀመር። ገንዳ ውስጥ የቀረ አንድ ጸጉር ፎቶ ታነሣለች፣ አልጋ ሥር ተጎንብሳ ፎቶ ታነሣለች። ምሳ ላይ ከማዘር ጋር የሚቀመጥ ሰው እየቀነሰ መጣ። ሕመማቸው በማዘር አፍ የተነገረላቸው እነዚያው ሴቶች ሳህናቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ። አዘንኩባቸው፤ ግን አልፈረድኩባቸውም፤ ሁሉም ቤቱ የሚጠብቀው አለው። የዩኒየኗን ልጅ ፈልጌ ጠየቅኳት። ስለ ሥራ ሁኔታ አቤት ያለን ሠራተኛ የሚጠብቅ ሌላ ሕግ አለ፣ ቢያባርሯቸው መክሰስ ይችላሉ አለችኝ። ረጅም ጊዜ ይወስዳል ወይ ስላት አንገቷን አቀረቀረች።

ማዘር ግን ምንም አልመሰላቸውም። «ትፈትሽ» ይላሉ እየሳቁ። «ፎቶ ብታነሣ ምን ልታመጣ? የመሥራት መብት አለኝ እኮ።» በጸሎታቸው ሕጉን ላወጡት ሰዎች ሳይቀር ምስጋና ጨመሩ። እኔ መሪውን ይዤ «አሜን» እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል።

አንድ ጠዋት ጋሪዬን እየገፋሁ ሳለ የመገናኛ ሬዲዮዬ ጠራኝ፤ ማናጀሯ ቢሮ ና ተባልኩ። የእኔ ተራ ነው ብዬ ጋሪውን ኮሪደሩ ላይ ትቼ ወረድኩ። በሩን ስከፍት ማዘር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ። ሱፐርቫይዘሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ማናጀሯ፣ በትክክል እንዲገባቸው አስተርጓሚ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ጥርት ያለ አማርኛ የሚናገረው ሰውዬ የት እንዳለ ልጠይቃት ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከማዘር ጋር አብሮ የገባ ሰው እኔ ነበርኩ፤ የገባሁት ግን በማናጀሯ በኩል ሆኜ ነው።

ማናጀሯ ተናገረች። በክፍሎቹ ጽዳት ጉድለት ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ እንዳሰናበተቻቸው፣ ኢንሹራንሱም ወሩ ሲያልቅ እንደሚቆም። አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

ማዘር አልደነገጡም። ያዘኑላትም መሰሉ፣ ሕጉን ስለማታውቅ። «ንገራት እንግዲህ» አሉኝ ረጋ ብለው። «የመሥራት መብት አለኝ በላት።»

ነገርኳት። ማናጀሯ ፈገግ አለች፤ ካፍቴሪያው በር ላይ ያየኋት ፈገግታ ነው። «በእርግጥ አላት» አለች። «የፈለገችበት ቦታ።»

ማዘር ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «ምን አለች?»

«አለዎት ትላለች» አልኩ። «የፈለጉበት ቦታ የመሥራት መብት አለዎት ትላለች።»

ፊታቸው በራ። «ይኸው! አላልኩህም?» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሽርጣቸውን አስተካከሉ። «እኔ የምፈልገው እዚሁ ነው። ነገ ስንት ሰዓት ልግባ በላት።»