የሴት መፍቻ

የእህቴ ባል ሰው ፊት ቁጡ አልነበረም። ሰው ፊት ቀልደኛ ነበር። ቀልዱ ግን ሁልጊዜ የሚያርፈው እህቴ ላይ ነው። እንግዳው ሲስቅ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ያልሳቀች እንደሆነ እንግዳው ከሄደ በኋላ የእጇን ታገኛለች። እኔ ንፋስ ስልክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በታይፒስትነት ተቀጥሬ፣ መካኒሳ እነሱ ቤት ስገባ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። መካኒሳ ያኔ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የከብት ሣር ነበር። ጋሼ፣ እንደዚያ ነበር የምጠራው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ለራሱ ደግሞ አንዲት አሮጌ ቮልስ ገዛ። የሸጠለት ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ የሚገባ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ነበር። ያን ጊዜ እንደሱ ያሉ ብዙዎች ይሄዱ ነበር።

ሰውዬው መኪናዋን ሊያስረክብ የመጣ ዕለት የዕቃ ሣጥኗንም ይዞ መጣ። ከሣጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ረዥም መፍቻ አወጣ። ቶርክ መፍቻ የሚሉት ነው፤ ቡሎን ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ። እጀታው ሲጠመዘዝ ቁጥር ይመርጣል፤ ቡሎኑ የተመረጠለት ልክ ላይ ሲደርስ መፍቻው ጠቅ ይላል። ሰውዬው አንድ የጎማ ቡሎን ፈትቶ የቡሎኑን ጥርስ በጨርቅ ጠረገ፣ በጣቱ መልሶ አስገባው፣ ከዚያ መፍቻውን ይዞ ቀስ እያለ ሳበ። ጠቅ ሲል እጁን ወዲያው አነሳ።

«ጠቅ ካለ በቃ። ይሄ ጉልበት አይደለም። ይሄ ልክ ነው» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ለመፍታት የለም። ለማጥበቅ ብቻ።» ከዚያ እጀታውን ወደ ትንሹ ቁጥር መለሰና ውስጡ ያለው ስፕሪንግ እንዳይደክም ሁልጊዜ እንዲህ ማደር አለበት አለ።

ጋሼ ሳቀ። «ጠቅ እስኪለው የሚጠብቅ ክንድ የሌለው ነው። ይሄ የሴት መፍቻ ነው» አለና ለእህቴ ወረወረላት። «እንኪ፣ ያንቺ ነው።»

እህቴ በሁለት እጇ ቀለበችው። እንደ ልማዷ ሳቅ አለች፤ ቀጥላ ግን ሰውዬውን ጠየቀችው። «በጣም ቢጠብቅ ምናለበት? የጠበቀ አይሻልም?»

ሰውዬው ቡሎኑን አንስቶ አሳያት። «ቡሎን ይለጠጣል። ትንሽ ሲለጠጥ ይይዛል። ብዙ ሲለጠጥ ሞተ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የመኪና ቀን ነበር። መለዋወጫ አይገኝም፣ ቤንዚን በኩፖን ነው፣ ሜካኒክ ዘንድ መውሰድ ደግሞ ጋሼ እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። እሱ መኪናዋ ሥር ይገባል፣ እህቴ ዕቃ ታቀብላለች። አስራ ሰባት ቁጥር ብሎ አስራ ዘጠኝ ያቀበለችው እንደሆነ የመፍቻውን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ጣል ያደርገዋል። በኃይል አይደለም። አጥንቱን ፈልጎ ነው።

አንድ ቅዳሜ የኋላ ጎማ ዳዶ፣ መሃል ላይ ያለው ትልቁ ማሰሪያ፣ ዝጎ አልፈታ አለው። ከሣጥኑ ውስጥ ረዥሙ መፍቻ ያ በጨርቅ የተጠቀለለው ነበርና አምጪው አላት።

«ለመፍታት አይደለም ብሎ ነበር እኮ ሰውዬው» አለች።

ጋሼ መፍቻውን ከእጇ ወሰደ፣ እጀታው ላይ የውኃ ቧንቧ ሰካበት፣ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። መፍቻው ውስጥ የሆነ ነገር ተሰበረ፤ እኔ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ሰማሁት። እህቴም ሰማች፤ ፊቷ ላይ አየባት መሰለኝ ተነስቶ በእጁ ጀርባ አፏን መታት። ከንፈሯ ላይ ግራሶ ቀረ።

«ይኸው» አለ። «ጠቅ አለ።»

ከዚያ በኋላ ያ መፍቻ ምንም ቁጥር ቢሰጡት ጠቅ አላለም። ጋሼ እንደ መዶሻ ተጠቀመበት።

እህቴ ካገባች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር፤ ልጅ ግን አልነበራትም። እንግዳ ፊት ይጠራት የነበረው «ጭንጫዬ» እያለ ነው፤ ምንም የማያበቅል ድንጋያማ መሬት ማለቱ ነው። ለሀና ማርያም ተስላ በመጨረሻ አረገዘች። ሆዷ ገፋ ሲል ስለቷን ልታገባ በማርያም ቀን ሦስታችንም በመኪና ልንሄድ ተነጋገርን። በዋዜማው ጋሼ የተነፈሰውን የፊት ጎማ አስጠግኖ አመጣና ገጠመው። ቡሎኖቹን ዘይት ውስጥ ነከራቸው፣ መፍቻው ላይ ቧንቧውን ሰካ፣ ከዚያ ቧንቧው ጫፍ ላይ ወጥቶ በሁለት እግሩ እየዘለለ አጠበቀ። አንዱ ቡሎን ሲንጫጫ ይሰማ ነበር።

«በቃ፣ ይበቃዋል» አለች እህቴ ከበሩ።

«አንቺ ስለ ሆድሽ አስቢ» አላት።

ላፍቶን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጋሼ መንገዱን ተሳደበ። ወዲያው ጎማው ከፊታችን ቀድሞ ብቻውን ሲንከባለል አየሁት፤ ሣሩ ውስጥ ገባና የሚግጡትን በጎች በተነ። መኪናዋ በአፍንጫዋ ቦይ ውስጥ ተተከለች። እኔ ከኋላ ስለነበርኩ ግንባሬን ብቻ ተላጥኩ። ጋሼ መሪውን እንደጨበጠ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። እህቴ ከፊት ነበረች፤ በሆዷ ነው የተመታችው። አንድ የጭነት መኪና ሆስፒታል አደረሰን። ልጁ ወንድ ነበር። ከዚያ በኋላ አልወለደችም።

ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጋሼ እጁን በጀሶ አንጠልጥሎ አልጋዋ ግርጌ ይቆማል። «ቡሎኑን በዘይት እጇ ነው ያቀበለችኝ፤ ምን ታድርግ፣ ይቺ እጅ መያዝ አታውቅም» ይላል። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ መጥተው ይህንኑ አወራላቸው። «ልጅ መያዝ ያልቻለች ቡሎን ትይዛለች ብላችሁ ነው?» ከመካከላቸው አንዱ በልማድ ሳቀና ደንግጦ አፉን ያዘ። ሁላችንም እህቴን አየናት። አልሳቀችም። አላለቀሰችምም። ጋሼን ትክ ብላ ስታየው ቆየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የጋሼ አንጓ ተጣሞ ገጠመ። መሪ መያዝ ስላልቻለ መሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባው። መኪናዋን ሰፈርተኛው ጎትቶ ግቢያችን አስገብቷት ነበር። እህቴ መራመድ እንደቻለች መጀመሪያ የሄደችው ወደ እሷ ነው። ከጎማው መቀመጫ ውስጥ ተሰብረው ከቀሩት ቡሎኖች አንዱን አስወጥታ አሳየችኝ። አንገቱ እንደተሳበ ሊጥ ቀጥኗል።

«ለጥጦ ገደለው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ከዚያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድን። አሮጌ ብረት ከተከመረበት አንድ ሻጭ ሁለት ቶርክ መፍቻ አወጣልን። አንዱ ጠቅ የሚለው ዓይነት ነው። ሌላው ቀለል ያለ፣ በጎኑ ቀጭን መርፌ ተዘርግቶ፣ ሲሳብ መርፌው የተጻፈውን ቁጥር የሚያሳይ ነው።

«ለባለቤትሽ ከሆነ ጠቅ የሚለውን ውሰጂ፣ እሱ ነው ዘመናዊው» አላት ሻጩ።

«ለራሴ ነው» አለች። «ጠቅ የሚለው ውስጡ ቢደክም በምን አውቃለሁ? ስንት ዓመት ተወጥሮ እንዳደረ ማን ይነግረኛል? ይሄኛው ቢዋሽ መርፌው ዜሮ ላይ አይቆምም፤ ዓይኔ ያየዋል።»

መርፌ ያለውን ገዛች። ቤት ስትደርስም አላመነችውም። ጫፉን ብረት ቆንጥጦ በሚይዝ ሞርሳ ላይ አስራ መፍቻውን አጋደመች፤ ከሰፈሩ ባለ ሱቅ የተዋሰችውን የሚዛን ብረት ግማሽ ሜትር ለክታ አንጠለጠለችበት። አስር ኪሎ በግማሽ ሜትር አምስት ማሳየት አለበት አለችኝ። አምስት አሳየ። ያን ጊዜ በጨርቅ ጠቀለለችው።

ከተጣለ ቮልስ ላይ ያልተበላሸ የጎማ መቀመጫና ቡሎኖች አገኘች። አሠራሩን ከመኪናዋ ጋር ከመጣው መጽሐፍ ሥዕል ሥዕሉን እያየች ተማረች፤ የጎማ ቡሎን ልኩ አስር መሆኑንም ከዚያው አገኘች። ጎማውን የገጠመች ቅዳሜ ከቤት ወንበር አውጥታ መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠችና ጋሼን ጠራችው።

«ና ቁጭ በል። መርፌውን አንብብልኝ።»

«ራስሽ አታነቢም?»

«በትይዩ ካላዩት ያሳስታል። እኔ እየሳብኩ ከጎን ነው የምሆነው።»

እውነቷን ነው፤ መርፌ ያለው መፍቻ ከጎን ሲያዩት ቁጥሩ ይዘላል። ጋሼ ተቀመጠ። እህቴ ቡሎኑን በጣቷ አስገብታ፣ መኪናዋን ከክሪኩ አውርዳ፣ ቀስ ብላ ሳበች።

«ስንት ነው?»

ጋሼ ዓይኑን ከመርፌው ወደ አጥሩ አዞረ። እህቴ መፍቻውን እንደሳበች አልለቀቀችም፣ አልጨመረችምም።

«ስንት ነው?»

«አስር» አለ።

ለቀቀችውና ከፊት ለፊቱ ወዳለው ቡሎን ተሻገረች፤ ጎማው እኩል እንዲቀመጥ አጠገብ ላጠገብ አይጠብቅም፣ በኮከብ መልክ ነው የሚኬደው። «ስንት ነው?» «አስር።» አምስቱም እስኪያልቁ እንዲህ ነው። ከዚያም ሌሎቹ ጎማዎች።

የዚያን ዕለት አስፈላጊ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ምንም ያልተነካ ጎማ በሌላ መፍቻ አላላችና ወንበሩን አወጣች። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ሌላ ጊዜ አታናግረውም ነበር። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ቃል የምትሰጠው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ቃል። ያልመለሰላት እንደሆነ እጇ እስኪዝል ይዛ ትጠብቀዋለች። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚቀድመው።

አንድ ጊዜ መፍቻውን እኔ ልያዘው ብሎ ተነሳ። ሰጠችው። ቡሎኑ ላይ አድርጎ ሳበ፤ መርፌው ሦስትን ሳያልፍ አንጓው ታጠፈበት። እህቴ ክንዷን አጣጥፋ ቆማ አየችው። ራሱ መልሶ እስኪሰጣት ድረስ እጇን አልዘረጋችም።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ መጥታ፣ መኪና የምትጠግን ሴት ለሌሎች አርአያ ናትና በስብሰባ ላይ እንድታሳይ ጠየቀቻት። እህቴ እሺ አለች። «ባለቤቴ ግን መርፌውን ያንብብልኝ፤ ያለ እሱ አልሠራም» አለች። ሴትየዋ በመተባበራቸው ደስ አላት።

የቀበሌው አዳራሽ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ከበን ቆምን። መፈክር ተባለ፣ ስለ ሴቶች መደራጀት ንግግር ተደረገ። ጋሼ በሰንበት ሱፉ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ቀልዱን ሲያወራላቸው የኖሩት ጎረቤቶች ሁሉ አሉ። እህቴ ሳበች።

«ስንት ነው?»

«አስር።»

«አልተሰማም» አለች ዞር ሳትል። «ከኋላ ያሉትም ይስሙ።»

«አስር» አለ ጮክ ብሎ። ሰው አጨበጨበ። በእያንዳንዱ ቡሎን ተጨበጨበ። የቀበሌው ሊቀመንበር እየሳቀ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ስሙ አስር ሆነ። ጠላ ቤት ሲገባ አስር መጣ ይላሉ፤ ሲወጣ አስር ሄደ ይላሉ። ቀልደኛው ሰውዬ ቀልድ አቆመ።

አንድ ማታ እህቴ ለስብሰባ ስትወጣ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ተጣሞ የቀረ አንጓውን ያሻሽ ነበር።

«እህትሽን አንድ ነገር ለምኚልኝ» አለ። «ወንበሩን ትተወው። ከፈለገች ትምታኝ።» ሲናገር እንባው ወረደ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ማድ ቤት ገብቼ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«መትቼዋለሁ?» አለችኝ።

«አልመታሽውም።»

«ሰድቤዋለሁ?»

«አልሰደብሽውም።»

«ቁጥር ንገረኝ ነው ያልኩት» አለችና መክተፏን ቀጠለች። ቅዳሜ ወንበሩ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ጊዜ አካባቢ ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ነበር፤ ዓመት ሲሆን ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰበብ ፈልጌ ከግቢው መውጣት ጀመርኩ።

ጋሼ መጠጥ አበዛ፣ ጉበቱ ታመመ። እህቴ መንዳትም ተምራ ነበርና በዚያችው መኪና ራሷ እየነዳች ሆስፒታል አመላለሰችው። አጠበችው፣ በማንኪያ አጎረሰችው። ጎረቤት ሁሉ አደነቃት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትኩሳቱ ሲበዛ ማንም ሳይጠይቀው አስር፣ አስር ይል ነበር። እህቴ ማንኪያውን አንስታ ብሎ እስኪጨርስ ትጠብቅና ማጉረሷን ትቀጥላለች። እኔ ያን ማየት አልቻልኩም፤ ወጥቼ አጥር ጥግ ቆምኩ።

ደርግ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ሞተ። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ፣ «ምን ያለ ትዕግሥት ነው የሰጠሽ፣ እንዲህ ያስታመመ የለም» ሲሏት እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

እኔ አግብቼ ሳሪስ ገባሁ። እህቴ ልጆቼን ልታይ ትመጣለች፤ ሁሉን እናወራለን፣ እሱን ግን አናነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሬ ጠየቅኋት። አሁንስ አያሳዝንሽም ወይ አልኳት። ትንሿ ልጄ ጭኗ ላይ ተኝታ ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጁ ይሄን ጊዜ ይሄን ያህል ይሆን ነበር ብዬ ሳስብ አዝናለሁ» አለች። «ለእሱ የማዝንበትን ግን ፈልጌ አጣሁት።»

ከዚያ ልጅቷ እንዳትነቃ ቀስ ብላ ጭኗን አስተካከለች፤ የውጪውን በር እንድዘጋው በዓይኗ ምልክት ሰጠችኝ።