ኮት የለበሰው ለማ

ተረፈን የማያውቅ የቡታጅራ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ በሕይወቱ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብላ ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ የመታወቂያ ጉርድ ያነሳል፣ ሙሽራ ያነሳል፣ ክርስትና ያነሳል። እንጀራ የሚያበላው ግን ሟች ነበር። እንዲህ ስላችሁ ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩት! ሰው ሲሞት ለልቅሶው ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል፤ የገጠር ሰው ደግሞ ቢፈለግ ቢፈለግ የሚገኝለት አንዲት የተጨማደደች ጉርድ ናት። ያችን ተረፈ ያሳድጋታል። የተላጠውን በብሩሽ ይሞላል፣ ጠባሳ ያጠፋል፣ ጋቢ ለብሶ የተነሳውን ኮት አልብሶ ክራባት ያስርለታል። «በቁሙ ያላገኘውን እንኳ ሞቶ ይልበስ እንጂ!» ይል ነበር፣ ምራቁን በብሩሹ ጫፍ እየነካካ።

በ1985 ዓ.ም. አቶ ገብረእግዚአብሔር የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ አንድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። የእህታቸው ልጅ ለማ በ1979 ለውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። ደርግ ወድቆ፣ የተረፈው ወታደር ሁሉ በእግሩም በክራንቹም ወደ አገሩ ሲመለስ ለማ አልመጣም። ዘመድ ሁለት ዓመት ጠበቀና «በቃ፣ ልቅሶው ይቀመጥለት» አለ። ፎቶዋ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ላይ የተነሷት ናት። ለማ ከኋላ ረድፍ ቆሟል፤ ግራ ጆሮውና ግማሽ መንጋጋው በሌላ ልጅ ጭንቅላት ተሸፍኗል።

ተረፈ ሦስት ቀን ሠራበት። በልጅ ፎቶ ለትልቅ ሰው አይለቀስም ብሎ ዕድሜ ጨመረለት። ጉንጩን ሰብሰብ፣ ግንባሩን ገለጥ አደረገና ከአፉ ግራና ቀኝ መስመር አሰመረ። የጎደለውን ጆሮ ከራሱ ፈጠረ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ጫፉን ቆልመም አደረገው። ግራጫ ኮት አለበሰው፣ ነጠብጣብ ያለበት ክራባት አሰረለት። አቶ ገብረእግዚአብሔር ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የለማ እናት እማማ ብርቄ ግን አላለቀሱም። ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ እሳቸው ፎቶውን ከመደቡ አንስተው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ ተረፈን ጠሩት።

«ልጄን ሲወስዱብኝ እንዲህ አላረጀም ነበር። ይሄን የሠራኸው አይተኸው ነው። የት አየኸው?»

ሐዘን አዞራቸው ተባለ። ጥቁር አልለብስም አሉ፤ ፎቶውንም ከቤቴ አውጡልኝ ስላሉ ወንድማቸው ከተማ ወስደው ሳሎናቸው ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ እማማ ብርቄ በየገበያው ቀን ከመስቃን ገጠር በእግራቸው መጥተው ተረፈ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። አይጮሁ፣ አይለምኑ። «ዛሬስ አትነግረኝም?» ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይሄዳሉ። አምስት ዓመት ሙሉ! ተረፈ የገበያ ቀን ሲደርስ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠው ጀመር።

በ1990 መስቀል ካለፈ በኋላ፣ የአዲስ አበባው ሰው ክትፎውን በልቶ ተመልሶ ከተማው ጭር ሲል፣ ጓደኛው ባዩ መጣ። ባዩ ወፍጮ ቤት አለው፤ የወፍጮው ሞተር የጣሊያን ጊዜ ነው፣ ዕቃው እዚህ አይገኝም።

«ተነስ፣ ውጭ አገር ልውሰድህ» አለው።

«የት ነው ውጭ አገር?»

«አስመራ።»

«አስመራ ደግሞ መቼ ነው ውጭ አገር የሆነችው?»

«ከሆነች አራት ዓመቷ! አንተ ጨለማ ክፍል ተቀምጠህ ምን ትሰማለህ?»

ወሬው እማማ ብርቄ ጆሮ ደረሰ። የገበያ ቀን ሳይሆን መጡ፤ ይሄ ሆኖ አያውቅም። «ልጄ ያለበት አገር ነው የምትሄደው» አሉ። «አለ ወይ የለም፣ እውነቱን ይዘህልኝ ና። ሞቷልም ከሆነ ሞቷል በለኝ፤ እችለዋለሁ። ሳላውቅ ግን በልጄ ላይ አላለቅስም።» ተረፈም በማርያም ምሎ ቃል ገባ። ምን ያድርግ? አሮጊት እንዲህ ቆማ ስትለምን እምቢ የሚል አንጀት ያለው ማነው!

አስመራ በሦስተኛው ቀን ገቡ። ብርዱ ያው የጉራጌ ደጋ ብርድ ነው፤ ብሩም ገና ያው የእኛው ብር ነበር፤ አማርኛ የማይሰማ ባለሱቅም አላጋጠማቸው። ተረፈን ያላማረው ይሄው ነው፤ ውጭ አገር ከሆነ ውጭ አገር ይምሰል እንጂ! መንገዱ ተጠርጎ ተጠርጎ ዱካ እንኳ የለበትም። አመሻሹ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ልብሱን ቀይሮ በዘንባባዎቹ ስር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አይቸኩል፣ የሚገባበት የለው። ፊቶቹ ያልፋሉ፤ ጥቂት ቆይተው እነዚያው ፊቶች ከወዲያ ይመለሳሉ።

«ባዩ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ጠፍቷቸው ነው?»

«ነፋስ እየተቀበሉ ነዋ! ሰው ሲንሸራሸር አይተህ አታውቅም?»

በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ለባዩ የሞተር ዕቃ ሲዞሩ ውለው፣ በዚያው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ተረፈ መጀመሪያ ያየው ጆሮ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ግራ ጆሮ። ማንም እናት ያልወለደችው፣ እሱ ራሱ ቡታጅራ ቁጭ ብሎ በብሩሽ ያበጀው ጆሮ በሰው ጭንቅላት ላይ ሆኖ አጠገቡ አለፈ! ቀና ሲል ኮቱ ግራጫ፣ ክራባቱ ነጠብጣብ፣ ከአፉ ግራና ቀኝ ሁለቱ መስመሮች።

«ባዩ... ያ ሰው ይታይሃል?»

«የቱ?»

«ግራጫ ኮት።»

«ይታየኛል። ምነው?»

«እንኳን ታየህ» አለና ግንቡን ተደገፈ።

ሰውየው ከሕዝቡ ጋር ሄደ፣ ከሕዝቡ ጋር ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ባዩ ነገሩን ሲሰማ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበትና «ዝም በል፣ እንሂድ፣ እንዲህ ያለውን አይነካኩትም» አለ። ግን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ተረፈ ሳያስበው «ለማ!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ መንሸራሸሩን ቀጠለ። እሱ ብቻ ቆመ። ቀረብ ብሎ ተረፈን ሲያይ ቆየና በመስቃን ቋንቋ፣ በቀስታ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አለው።

ቡና ቤት ገብተው ተቀመጡ። ተረፈ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አልነካውም፤ ሰውየው ሲጠጣ ጉሮሮውን ነበር የሚያየው፣ ይውረድ አይውረድ ብሎ። ለማ ቆስሎ ተማርኮ ነበር። ሲለቀቅ ታሞ ሆስፒታል ወደቀ፤ ያስታመመችው ሴት ዛሬ ሚስቱ ናት።

«ለምን አልመጣህም ታዲያ?»

«መጥቻለሁ» አለ ለማ። «በ1986 ለመስቀል። ለመስቀል አገሩ የማይገባ የጉራጌ ልጅ አለ? ከተማ ስደርስ መሽቶ ስለነበር አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሁሉም ገጠር ገብተዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው። በመስኮት አየሁ። ግድግዳው ላይ እኔ አለሁ። ኮት ለብሻለሁ። እኔ ኮት ለብሼ አላውቅም! በዕድሜም ይበልጠኛል። ጥቁር ጨርቅ አልብሰውታል። ብዙ ተያየን።»

«እናትህ ጋ ብትሄድስ?»

«የተለቀሰለት ሰው በሩን ገፍቶ ድንገት ሲገባባት እናት ምን ትሆናለች? ደንግጣ ብትሞትብኝስ? በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።»

«ኮቱስ?»

ለማ የኮቱን እጅጌ ዳበሰ። «እዚህ ልባሽ ተራ ተሰቅሎ አገኘሁት። ያው ነው። ለምን እንደገዛሁት አትጠይቀኝ። ከለበስኩት ወዲህ ፊቴም እየቆየ ያንን መሰለ። ሚስቴ ትፈራኛለች።»

ተረፈ ግን ቃል አለበትና ነገረው፤ እናትህ አላለቀሱልህም፣ ጥቁርም አልለበሱም፣ አለ እያሉ በየገበያው ይመጣሉ አለው። ለማ ፊቱን አላዞረም። እንባው ተረፈ ባሰመረለት መስመር ወረደ።

ሚስቱ ወሯ ስለገባ ለሚቀጥለው መስቀል ሊመጣ ተስማሙ። እስከዚያ ተረፈ እናቱን ያዘጋጅ፣ ለምስክርም ፎቶ ይውሰድ። በማግስቱ ጠዋት ተረፈ ለማን የቡና ቤቱ በር ላይ አቆመውና ካሜራውን አነሳ። ዙር አላለው፣ ቀና በል አላለው፤ ለማ ራሱ ትከሻውን ወደ ቀኝ፣ ግራ ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ ቆመ።

ፊልሙን ያጠበው ቡታጅራ እንደገባ ነው። በቀዩ መብራት ወረቀቱን ውሃው ውስጥ ሲነክረው ቀድሞ ብቅ ያለው ጆሮው ነበር። ሲደርቅ ከድሮው ቅጂ አጠገብ አስቀመጠው። የትኛው የሰው፣ የትኛው የእጁ ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነበረበት።

ባዩ «አሁኑኑ ሄደህ ንገራቸው፤ ሮጠህ፣ መንገድ ላይ እየጮህክ!» ብሎት ነበር። እንዴት ያለ ምክር ነበር፣ ምነው በሰማው! ተረፈ ግን ሥርዓት አዋቂ ነኝ ብሎ አቶ ገብረእግዚአብሔር ዘንድ ሄደ። እሳቸው ራሳቸውን ይዘው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ከዚያ ቆፍጠን አሉ። «ይሄ በአንዴ አይጫንባትም። ልቧ ደካማ ነው፣ ደስታም ይገድላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሽማግሌ ሰብስበን፣ የንስሐ አባቷን ይዘን፣ አረጋግተን እንነግራታለን።» ሽማግሌው እስኪሰበሰብ አሥር ቀን ሄደ። በመሃል የገበያ ቀን ደረሰ። ተረፈ የእማማ ብርቄን ዓይን አይቶ ዝም ማለት እንደማይችል ያውቃል፤ ሱቁን ዘግቶ ከውስጥ ተቀመጠ። ውጭ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማ። ከወትሮው ብዙ ቆይተው ሄዱ።

ያን ጊዜ መስቀል ሩቅ አልመሰላቸውም፤ በግንቦት ጦርነት ፈንድቶ የአስመራ መንገድ ይዘጋል፣ የለማም ነገር በዚያው ይቀራል ብሎ ማን አሰበ?

ሰው ሥራ ሳይወጣ እንድረስ ተብሎ በንጋት ተነሱ። ሰባት ነበሩ። ጉም የእንሰቱን ቅጠል ሸፍኖታል፤ ብርድ ስለሆነ ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር ቀጥለው፣ ተረፈና ባዩ ከኋላ። ማንም አያወራም። አጥሩ ሊደርሱ ሲሉ ባዩ የተረፈን ክንድ ያዘ።

«ተረፈ፣ በሞቴ፣ አሁን እኛን ያየ ሰው ምን ይለናል?»

ተረፈ ቀና አለና ሰልፉን አየ። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው የሚመጣው። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ዝምታ፣ በዚህ አለባበስ። «ቁሙ!» ሊል አፉን ሲከፍት የጎጆው በር ተከፈተ።

እማማ ብርቄ መጥረጊያ ይዘው ነበር። ሰባቱን አንድ በአንድ አዩ። ቄሱን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ መጨረሻ ተረፈ ላይ ደረሱ። መጥረጊያውን ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ሱቅህን የዘጋህ ለት ነው ያወቅሁት» አሉ።

«እማማ፣ አይደለም! ለማ አለ! በዓይኔ አየሁት፣ እጄን ጨብጦኛል!» ተረፈ ሽማግሌውን ገፍቶ ወደፊት ወጣ። «ይኸው ፎቶው! ባለፈው ወር ያነሳሁት ነው!»

ፎቶውን ተቀበሉት። ድሮ እንዳደረጉት ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይሄንን ለልቅሶው ሠርተህልኝ ነበር እኮ።»

«ሌላ ነው! እማማ፣ በቁርባን እምላለሁ፣ በሕይወት አለ!»

እማማ ብርቄ በርኅራኄ አዩት፣ እሱ ሐዘንተኛ እሳቸው አጽናኝ የሆኑ ይመስል።

«መጀመሪያ አለ ይባላል» አሉት። «ቀጥሎ ትንሽ አሞታል ይባላል። እኔም ለስንቱ እናት እንዲህ ብያለሁ፣ ልጄ።»

ሻሻቸውን ፈትተው መሬት ላይ ተቀመጡና ለልጃቸው ማልቀስ ጀመሩ።