የአራት እጆች መስኮት

ማርቬላ ፕሩት ተቲንግን የተማረችው ተሳስታ ነው፤ ስህተቱም ዕድሜ ልኳን አብሯት ኖረ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሮዜል አሥራ ዘጠኝ ሞልቶት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለ ጎማ ጫማ አድርገው ከሚንሸራተቱበት አዳራሽ ሲመለስ በእጆቹ አዲስ ነገር ይዞ ይገባል። ያን ሰሞን የኢንግልዉድ ጎረምሳ ሁሉ እንደ ጥንት ግብጾች የግድግዳ ሥዕል ክንዱን፣ አንጓውንና ጣቱን በማዕዘን እያጠፈ ተቲንግ የሚሉትን ጭፈራ መጨፈር ይዞት ነበር። እግር እምብዛም አይነሳም። ሥራው ሁሉ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነው።

«አስተምረኝ» አለችው አንድ ቀን፣ እናታቸው ሥራ ውላ ሳለ።

«አንቺ? የጫማሽን ክር እንኳ አጥብቀሽ ማሰር የማትችዪዋ?»

«አስተምረኝ አልኩህ።»

«እሺ፣ እኔ የማደርገውን አድርጊ። አፍሽን ግን ዝጊ፤ ሳስተምር ወሬ አልወድም።»

ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ማዶ ፊት ለፊቷ ቆመ። እሱ ቀኙን ሲያነሳ እሷ በዚያው በኩል ያለውን እጇን፣ ግራዋን አነሳች። እንዲህ እየሆኑ፣ መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው፣ ሁለት ክረምት ሲለማመዱ ከሁለቱ አንዳቸውም ልብ አላሉትም። ክርኗ ሲላላ የወጥ ቤቱን መስኮት ጥግ እያሳየ «እዚያ ውስጥ ክተቺው» ይላታል። እሷም ክንዷን ከእንጨቱ ማዕዘን ጋር ገጥማ፣ ነጩ ቀለም ቆዳዋ ላይ እስኪቀር ድረስ ትጫነዋለች። «ማዕዘን የሌለው ተቲንግ ዝንብ ማባረር ነው» ይል ነበር ሮዜል።

ጉዱ የወጣው ጨፋሪዎቹ የሚሠሩት ክብ ውስጥ ስትገባ ነው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ ቴፑን መሬት ላይ ያስቀምጡና ዙሪያውን ይቆማሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። በዚያ ቀን አራት ሆነው በአንድ ረድፍ ገቡ። ሦስቱ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ማርቬላ ወደ ግራ ሄደች።

«ኧረ ይቺን ልጅ ገልብጠው ነው የወለዷት!»

«ሮዜል፣ እህትህን ከመስታወት ውስጥ ነው እንዴ ያወጣሃት?»

ማርቬላ ከተፈጥሮዋ ዓይን አፋር ናት፤ ፊቷን ሸፍና ወደ ቤቷ ሮጠች። ሮዜል ግን እራት ላይ ሹካውን ይዞ ሲያስብ ቆየና፣ «ተነሺ፣ ጎኔ ቁሚ» አላት። ጎን ለጎን ሆነው ያንኑ ሲሠሩት የሱ ቀኝና የሷ ግራ እንደ አንድ በር ሁለት መዝጊያዎች ተገናኙ። «መስኮቱ» ያሉት ጭፈራ የተወለደው ያን ቀን ነው። አራት እጆች ማዕዘን በማዕዘን ላይ እየደረቡ አንድ የመስኮት ክፈፍ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ይዞሩና በመካከሉ ይተያያሉ፤ ከዚያ ጣት በጣት ላይ ሆኖ ይዘጋል። ግማሹ የሮዜል ነው፣ ግማሹ የማርቬላ። የማርቬላ እጅ ከሌላ ሰው እጅ ጋር ገጥሞ አያውቅም።

ኑሮ መጣ። ማርቬላ ላውንደሪ ገብታ ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ስትተኩስ ኖረች። ሮዜል ጎሚስታ ሆነ። አንድ ቀን የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቅ ብረቱ አመለጠውና የግራ እጁን ትንሿን ጣት ቀጠቀጣት። ጣቷ ዳነች፤ ግን ከመካከለኛው አንጓ ላይ እንደታጠፈች ቀረች። ለተቲንግ ሰው ያልተቃና ጣት ለዘፋኝ እንደተሰነጠቀ ድምፅ ነው። ሮዜል አንድ ወር ሙሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ከረመ። ከዚያ «ደረጃው» የሚባለውን ሠራ። ጣቶቹ አንዱ ሌላውን እየረገጠ ይወርዳሉ፣ የመጨረሻዋ እርከን ያቺ የታጠፈች ጣት ናት። መስኮቱንም ከዚያ ወዲህ በደረጃው ይዘጋው ጀመር።

በክቡ ሕግ የሰውን ማዕዘን መስረቅ ነውር ነው። ማየትም ማድነቅም ይቻላል፤ በራስ ስም ማውጣት ግን አይቻልም። አልተን ጊብስ የሮዜል ጓደኛ ነበር፤ የእነ ሮዜል እናት ገበታ ላይ ስንቴ በልቷል። ሎንግ ቢች ከተማ በተደረገ ውድድር ላይ ደረጃውን የኔ ነው ብሎ አወጣና አንደኛ ሆነ። ቀጥሎ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ታየ፤ ቀጥሎም የማስተማሪያ አዳራሽ ከፈተ። ሮዜል «ሰረቀኝ» ብሎ ጮኸ። አልተን «ጣት ያለው ሁሉ ደረጃ ያገኛል» አለ፤ ሰውም ስቆ ወደ አልተን አደላ።

ማርቬላ በውድድሩ ቀን ሥራ ላይ ነበረች። ሮዜል የተቀረጸውን ቴፕ አምጥቶ «አንዴ እዪልኝ» ቢላት ሳታየው ቀረች።

«ተወው በቃ፣ ሮዝ። ቅናት ነው የሚመስልብህ።»

«አንቺም?» አላት።

ከዚያ በኋላ የአልተንን ስም አላነሳባትም። ክቡ ላይ ሲታይ «መጣ ደግሞ አልቃሻው» የሚለውን ሹክሹክታ እየሰማ፣ ቀስ በቀስ መሄዱን ተወ። መስኮቱን ሁለቱ ብቻቸውን፣ እሑድ ከሰዓት በወጥ ቤቱ ይሠሩት ነበር። ሃያ አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በኋላ የስኳር ሕመም ኩላሊቱን በላው። ሦስት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ተመላለሰ። ጣቶቹ ደነዘዙ፤ የያዘው ሁሉ ይወድቅበት ጀመር። በመጨረሻው ሳምንት አልጋው ላይ ሆኖ፣

«ክቡን ያደርጉልኛል አይደል?» አላት። ዳንሰኛ ሲሞት ከቀብር መልስ ክብ ይቆምለታል፤ የቀሩት በየተራ ይጨፍሩለታል።

«ያደርጉልሃል። አሁን ዕረፍ።»

«መስኮቱ እዚያ ይዘጋልኝ። አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት።»

«ከማን ጋር ልዝጋው? ያንተን ግማሽ ማን ያውቃል?»

«ፈልጊ። ከዚያ ሌባ በቀር ማንም ይሁን።»

እሑድ ሲነጋጋ ዐረፈ። ቀብሩ ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ማርቬላ ሰው ፈለገች። ከዱሮዎቹ አንዱን ወገቡ ይዞታል፤ ሌላው ቴክሳስ ገብቷል። ወጣቶቹ እጃቸው ፈጣን ነው፤ ግን ዓመት የፈጀውን ነገር በጥቂት ቀን ማን ይይዘዋል? እሷም ብትሆን የወንድሟን ግማሽ የምታውቀው በዓይኗ ነው። ላሳይ ብላ ስትጀምር ጣቶቿ እያመለጡ ወደ ራሷ ግማሽ ይገቡባታል። ደረጃውን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ በዚያ ፍጥነት ሊማር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ፣ የእንፋሎቱ ላብ አንገቷ ላይ ሳይደርቅ፣ የወንድሟን ቃል በሆዷ ይዛ ወደ አልተን አዳራሽ ሄደች።

አዳራሹ ዱሮ ጫማ መሸጫ ነበር። በሩ ተከፍቷል። አሥራ አንድ ተማሪዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ትልቁ መስታወት ፊት ቆመዋል፤ አልተን ከፊታቸው ነው። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል።

«አጎቴ፣ ከየቱ እንጀምር?» አለው አንዱ።

«ከደረጃው። አንድ፣ ሁለት፣ ውረድ፣ ውረድ፣ ያዝ!»

ማርቬላ መስታወቱ ውስጥ አየች። አሥራ አንዱም የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት ከመካከለኛው አንጓ ላይ አጥፈዋታል። የቀረው ጣት ሁሉ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሏል። በድጋሚው አንዲት ልጅ ጣቷን ብታቃና አልተን መጥቶ በገዛ እጁ አጠፈላት።

«እዚህ ጋ ትታጠፋለች።»

«ለምን ግን አጎቴ? ቀጥ ስትል አያምርም?»

«አሠራሩ ነው። አትከራከሪኝ፣ ሥሪ።»

ማርቬላ የበሩን ጠርዝ ያዘች። የአልተን ጣት ተሰብሮ አያውቅም። ጤነኛ ጣት ያለው ሰው ደረጃውን ራሱ አግኝቶት ቢሆን ያቺን ጣት ምን ቆርጦት ያጥፋታል? ከነስብራቱ ነው የወሰደው። ይህን ለማወቅ ያኔ ቴፑን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃት ነበር።

ተማሪዎቹ ሲወጡ አልተን አያት።

«ማርቪ! ሰማሁ እኮ። እግዜር ያጥናሽ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።»

«ጣትህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«የግራህን። ትንሿን።»

ዘረጋት። ቀጥ ያለች ጣት ናት። ጣቱን አየ፣ ማርቬላን አየ፣ ገባው።

«የማንን ስብራት ነው ለልጆቹ የምታስተምረው?» አለችው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን አሸ።

«እናታችሁ ቤት ሁለታችሁ መስኮቱን ስትሠሩ፣ እሱ በደረጃው ሲዘጋው፣ በጓሮ በኩል ቆሜ አየሁት» አለ። «ቤቴ ሄጄ ስሞክረው ያለዚያች ጣት አልወርድ አለኝ። ልተዋት ብዬ ነበር። አልሆነም።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ቀናተኛ አስባልከው።»

«አንቺስ? አንቺም ብለሽዋል አሉ።»

ማርቬላ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ቅዳሜ ክቡ አለ» አለችው ቀስ ብላ። «የሱ ግማሽ ላይ ቁም። ከመጀመርህ በፊት ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከሮዜል ነው የወሰድኩት በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ማርቪ፣ ስሜ በሩ ላይ ተጽፏል እኮ። ከሱ በቀር ምን አለኝ? ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«እሱ ስድሳ ነበር።»

«እጨፍርለታለሁ። እስኪወጣልኝ እጨፍርለታለሁ። መናገሩን ግን ተዪልኝ።»

«ካልተናገርክ እንዳትገባ።»

ቅዳሜ ከቀብር መልስ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመንና ማካሮኒ በአይብ ሸተተ። አልተን ጥቁር ሱፉን ለብሶ መጣ። ሰዉ እየተነሳ አቀፈው። «እንኳን መጣህ። አንተ መቼም ቂም አታውቅም» አሉት። ማርቬላ ሳህኗ ላይ ያለውን ዶሮ በሹካ እየነካካች ሰማች። ተነሥታ ልትናገር አሰበች። ግን የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ የወንድሟን ጠብ የምታነሳ እህት ትባላለች፤ ማንስ ያምናታል? እሷ ራሷ አላመነችም።

ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ክብ ተሠራ። አንድ በአንድ ገቡ። ወገቡን የሚያመው ሰውዬ እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ብቻ ጨፈረ፤ ሰው አለቀሰለት። ከዚያ ማርቬላ ገባች። በጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ትታ ቆመችና አልተንን አየችው።

የዘፈኑ ከበሮ ስምንት ሲመታ ጠበቀችው። ሌላ ስምንት ጨመረችለት። አልተን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ብቻዋን ጀመረች። የሷን ግማሽ አንድም ማዕዘን ሳታዛንፍ ሠራችው። ወደ ባዶው ጎን ፊቷን አዞረች፤ ደረጃው የሚወርድበት ቦታ ሲደርስ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ጠበቀች። የሚወርድ ጣት አልነበረም። ሁለቱ እጆች አየር ላይ እንደ ጀመሩት ቀሩ።

«ምን ሆነች?» አለ አንድ ሰው።

«ጠፋባት መሰለኝ፣ ምስኪን።»

«ኀዘን ነው፣ ተዋት።»

አጨበጨቡላት፤ ለሕፃን እንደሚጨበጨበው ዓይነት። የአጎቷ ልጅ ዊላ ዲን እጇን ይዛ አወጣቻት። «አይዞሽ የኔ እናት። በኛ ዕድሜ የማይረሳ ማን አለ?» አለቻት። ከኋላቸው «አልተን፣ ግባ እንጂ! ለወንድምህ!» እያሉ ሲጣሩ፣ እሱም ዛሬ አልችልም ሲል ሰማች። «አያችሁ፣ ሐዘኑ ከብዶት እኮ ነው» አሉለት።

ማርቬላ ወደ አዳራሹ ወጥ ቤት ጓሮ ሄደች። የቆሻሻ ገንዳዎቹና የተጣጠፉ ካርቶኖች ያሉበት ጠባብ ቦታ ነው። አልተን ተከትሏት መጣ።

«ሁሉም የረሳሽ መስሏቸዋል» አላት።

«ይምሰላቸው።»

«ልዘጋው እችል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ከሱ ጋር ተቀበረ ማለት ነው። ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

ከማዶ ዘፈኑ ተቀየረ። አልተን ግራ ቀኙን አየና እጆቹን ከኪሱ አወጣ።

«ማንም የለም» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ትታው መግባት ነበረባት። ወንድሟ ሰው ፊት ነው ያለው፤ ሌባው ደግሞ በፍጹም እንዳይሆን። እዚህ ሰው የለም፣ ያለው ሌባው ነው። ግን ከእሑድ ጀምሮ ዓይኗን እየጨፈነች ያንን አወራረድ ልታየው ስትሞክር አልመጣላት ብሎ ነበር። የሚመጣላት ብርድ ልብስ ላይ የተዘረጉት የደነዘዙ እጆች ብቻ ናቸው። ሌላ ሳምንት ቢያልፍ ጭራሹን ሊጠፋባት ነው።

ዞራ ቆመች። እጆቿን አነሳች።

አራቱ እጆች ተደራረቡ፣ ክፈፉ ቆመ። በመካከሉ መተያየት የሚገባቸው ቦታ ሲደርሱ ማርቬላ የአልተንን ፊት አላየችም፤ ዓይኖቿን ወደ ጣቶቹ ዝቅ አደረገች። ጣቶቹ አንዱ ሌላውን እየረገጠ ወረዱ። የመጨረሻዋ ልክ እንደዚያችው ታጥፋ፣ ትንሽ ዘግየት ብላ፣ የማርቬላ ጣት ላይ ዐረፈች። መስኮቱ ተዘጋ።

አልተን ትንፋሹን ለቆ እጁን ሊያወርድ ሲል፣

«ድገመው» አለችው፣ ቀና ሳትል።