ለአንድ ግጥም ሦስት ገና

ገና መጫወት የተማርኩት በጥላቻ ነው። ጨዋታ ፍቅር ነው፣ ወንድማማችነት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ እንዳሉ ይጫወቱ። እኔ በትሩን ያነሳሁት አንድን ሰው በሕዝብ ፊት ላዋርድበት ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈለግሁም።

ሰውዬው ጎረቤታችን ነበር። መሬት በተደለደለበት ዓመት የኮሚቴ አባል ሆነና አባቴን መሬታቸው እንዲቀነስ «ቢሮክራት» ከተባሉት መካከል አስጻፈው። አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ስሙን መጻፍ የተማረው በጎልማሳነቱ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከስሙ ሌላ ነገር ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ቢሮክራት ተባለና ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ማሳችን፣ ለገብስ ከሁሉ የሚሻለው፣ ተቆርሶ ለራሱ ለሰውዬው ተሰጠ። አባቴ በሥልጣኑ ዘመን የሰውዬውን ወንድም ለውትድርና መልምሎ እንደላከ፣ ልጁም በዚያው እንደቀረ የሰማሁት ቆይቶ ነው። ሰምቼም አልራራሁለትም።

በእኛ በመንዝ የገና ሕግ የታወቀ ነው። ከቆዳ የተሰፋችው ጥንግ ሜዳው መሐል ትቀመጣለች፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎልማሶች ጫፉ በተቆለመመ በትር እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ወሰን ይነዷታል። ወሰኑን ያሳለፈ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አሸናፊዎቹ በተሸናፊው ሰፈር ትልልቅ ሰዎች ላይ እየገጠሙ ይሳደባሉ፤ ተሰዳቢው መሳቅ እንጂ መቆጣት አይፈቀድለትም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ሌላ ቀን ቢናገሩት የሚያካስስ፣ ምናልባትም የሚያጋድል ቃል፣ በዚያች ቀን በጭብጨባ ይባላል። የተሸነፈ ግን አፉን ይዘጋል፤ የመግጠም መብት የአሸናፊ ብቻ ነው።

ማሳው በተወሰደ በመጀመሪያው ገና ታች ሰፈር አሸነፈ። የእኛ ቤት የላይ ሰፈር መጨረሻ ነው፤ የታች ሰፈር አለቃ ያው ሰውዬው ነው። መሐል ገብቶ፣ በትሩን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አባቴን ትክ ብሎ እያየ እንዲህ አለ፦

«ወንበሩ ተሰብሮ፣ ማሳው ተቆርሶ፣
ጌታው ምን ይበላል ለገናው ደግሶ?»

ሕዝቡ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በማሳው ዳር የሚያልፈውን አጭሩን መንገድ ትቶ፣ በገደሉ አፋፍ ዞሮ መሄድ ጀመረ። ጉልበቱን ያመው ነበር።

እኔ ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ወድቄ፣ ቤት የተመለስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። የመልሱን ግጥም በዚያው ሳምንት ገጠምኩት። መርዝ ነበር። ከበግ ኋላም፣ ከሞፈር ኋላም ስሄድ እያሻሻልኩት፣ አንዲት ቃል ሳይነቃነቅ እንዲወጣ አድርጌ በቃሌ ያዝኩት። ግጥሙ አለኝ፤ የቀረኝ ማሸነፍ ብቻ ነው። የጎደለው ትንሽ ነገር ጥንግ መምታት አለመቻሌ ነበር። ተማሪ ቤት ሳለሁ ከኳስ ሌላ አልተጫወትኩም።

ኅዳር ሲጋመስ ወደ እናቴ አጎት ሄድኩ። ጓሳ አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሸምኑ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ጥንግ ከእሳቸው በትር ከተነሳች የሚመልሳት አልነበረም ይባላል። ጥንግ መምታት ልማር እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ከሽመናቸው ቀና ሳይሉ፣ «እስቲ ያቺን ሣር ምታ» አሉኝ።

«ጥንግስ፣ አባባ?»

«ጥንግ ምን ታደርግልሃለች? መቼ መምታት ታውቃለህና።»

ሦስት ሳምንት ሣር መታሁ። ጾመ ነቢያት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ እኔም እንደ እብድ ብቻዬን ቆሜ የጓሳ ሣር እጨፈጭፋለሁ። እሳቸው መወርወሪያቸውን እያመላለሱ የበትሩን ድምፅ ብቻ ይሰማሉ። አልፎ አልፎ፣ «ክርንህ የት ነበር?» ይሉኛል። ወይም፣ «የግራ እግርህ ምን ሆኖ ነው የሸሸው?» ይላሉ። አላውቅም ካልኩ፣ «እንግዲያው ማን ይወቅልህ? ድገመው» ነው መልሳቸው። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ አላሉኝም። ውኃ ቅዳ፣ ጠጉር ዘርጋ፣ ሣሩን ምታ። ጠላኋቸው። ከሰውዬው ቀጥሎ በዚህ ዓለም የምጠላው እሳቸውን ሆነ።

በአራተኛው ሳምንት ጥንግ ሰጡኝ። ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙረው አቆሙኝና ከመታሁ በኋላ ቀና ማለት ከለከሉኝ። ጥንጓ ግድግዳውን መትታ፣ ነጥራ፣ ወዴት እንደሄደች ማየት አይቻልም። ዓይኔ እሷ በነበረችበት ቦታ ላይ ተተክሎ መቅረት አለበት።

«የት ደረሰች?» ብዬ ጠየቅሁ አንድ ቀን፣ ትዕግሥቴ ሲያልቅ።

«የሄደችውን ተዋት። አንተ ጋ የቀረውን ንገረኝ።»

«እኔ ጋ ምን ቀረ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ።»

በልቤ ስንት ስድብ እንደደረደርኩ እግዜር ያውቃል። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ተኩል ቀርቶታል፤ ሽማግሌው ደግሞ የመቶ ዓመት ጊዜ እንዳለኝ ያስባሉ። ለእናቴ ብሶቴን ብነግራት፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይለኛል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው እንቁላል ይኖረው ይሆናል እንጂ ማሳ የተነጠቀ አይመስለኝም።

ስለዚህ በስርቆሽ መለማመድ ጀመርኩ። ከሽማግሌው ቤት ስመለስ ገብስ የታጨደበት ሜዳ አለ። እዚያ ቆሜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ እመታታለሁ፤ ከዚያ የሄደችበትን በእርምጃ እለካለሁ። ከአሥሩ ዘጠኙ ድንጋይ ሥር ይወሸቃሉ ወይም በጎን ይሄዳሉ። አንዷ ግን ትበራለች። እሷን ስለካ ዘጠኙን እረሳቸዋለሁ። ማታ የምተኛው በዚያችው አንዷ ተደስቼ ነው።

ሽማግሌው በሁለተኛው ቀን ነቁብኝ። «ትከሻህ ሌላ መምህር ይዟል» አሉ። ከዚያ መጀመሪያውኑ ያልጠየቁኝን ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ በማን ላይ ነው እንዲህ የምትቸኩለው?»

ነገርኳቸው። የማሳውን ነገር፣ የግጥሙን ነገር፣ የአባቴን መንገድ መቀየር። ለዘመድ ይቆረቆራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ክራቸውን ቋጥረው ሲጨርሱ፣ «እሱም እዚሁ ነው የተማረ» አሉኝ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። አራት ዓመት ተመላልሷል። አንድ ቀን እንኳ የት ደረሰች ብሎ አልጠየቀኝም።»

ጥንጓን እግራቸው ሥር ጥዬላቸው ወጣሁ። ጠላቴን ያስተማረ ሰው ለእኔ ምኔ ነው? እናቴ ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ ብትለኝም እንቢ አልኩ። የቀሩትን ቀናት በተዋስኩት ጥንግ በታጨደው ሜዳ ላይ እንደፈለግሁ መታሁ፤ አንዷ እየበረረች፣ ዘጠኙ እየተወሸቁ።

የገና ዕለት ከቀትር በኋላ ጨዋታው ተጀመረ። ትግሉ ብዙ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ይመታል፣ አቧራ ይነሳል፣ ሰው ይወድቃል። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጥንጓ ከግርግሩ ውስጥ ፈትልካ ወጥታ እፊቴ ቆመች። በእኔና በታች ሰፈር ወሰን መካከል ማንም የለም። በትሩን አነሳሁ። ያን ጊዜ ሰውዬውን ፈለግሁት። ስመታት ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ማየት አለብኝ፤ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ያንን ፊት ነዋ። በስተቀኝ እየሮጠ ሲመጣ አየሁት፤ እሱን እያየሁ መታሁ። በትሩ መሬቱን ቧጥጦ ዞረና የገዛ እግሬን ቅልጥሙ ላይ አገኘው። ወደቅሁ። ጥንጓ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

ሰውዬው ደረሰ፤ ጎንበስ እንዳለ ለስለስ አድርጎ መታት፤ ጓደኞቹ ተቀበሉትና ወሰናችንን አሳለፏት። ሲመለስ ክንዴን ይዞ አነሳኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ «ዓይንህን አነሳኸው» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሽማግሌውን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ ደሜ ፈላ። ከዚያ መሐል ገብቶ በአባቴ ላይ ሌላ ግጥም ገጠመ፤ አባቴም ሳቀ። የዚያን ዕለቱ ሳቅ በእኔ ምክንያት የመጣ ስለሆነ ግጥሙን አላስታውሰውም፤ ሳቁን ግን አስታውሰዋለሁ።

እግሬ ሲሽር ወደ ጓሳ ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ሽማግሌውም አልጠየቁኝም። «ሣሩ እዚያው ነው» ብቻ አሉ። መታሁ። ሐሙስ ሐሙስና ሥራ በማይኖርበት ቀን ሁሉ፣ በበልጉ ጭቃ፣ በክረምቱ ጉም ውስጥ ስመታ ከረምኩ። በሚቀጥለው ገና እንድጫወት አልፈቀዱልኝም፤ ቆሜ አየሁ፤ ታች ሰፈር አሸነፈ። በንዴት ጨስኩ፤ በማግሥቱ ተመልሼ ሣር መታሁ። ለምን እንደማልተዋቸው ራሴም አላውቅም። እወዳቸው ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቀው፣ ክርንህ የት ነበር ሲሉኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር። «ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል» አልኳቸው። እሳቸውም ወደ ሽመናቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ግጥሙን ከገጠምኩ በሦስተኛው ገና ተጫወትኩ። ስለዚያ ቀን ጨዋታ ብዙ መናገር አልችልም፤ የማስታውሰው መሬቱን፣ የጫማዬን ጫፍና ጥንጓ የምትቀመጥበትን ቦታ ነው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ በትከሻው ገፍቶኛል፤ ማን እንደገፋኝ ያወቅሁት በኋላ ሲነግሩኝ ነው። ከአንዱ ምት በኋላ ጩኸት ተነሳ። ቀና ስል የላይ ሰፈር ሰው እየዘለለ ወደ እኔ ይሮጣል። «ማነው ያሳለፋት?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ።

እየገፉ መሐል አስገቡኝ። ገጣሚው እኔ ነኝ። ሰውዬው በትሩን ተደግፎ ቆሟል፤ የሚመጣበትን አውቆ ሳቁን አስቀድሞ ፊቱ ላይ አዘጋጅቷል። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ አባቴ ሲስቀው ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እዚህ ላይ አዘንኩለት፣ ግጥሙን ዋጥኩት፣ ይቅር አልኩት ብዬ ብጽፍ ደስ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። አልዋጥኩትም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሦስት ዓመት እንደሳልኩት፣ ለቀቅሁበት። ከወንድሙ ሞት በቀር ያላነሳሁበት ነገር የለም፤ እሱንም የተውኩት ቤት ስላልመታልኝ ነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰውዬው ሳቀ። ጣፋጭ ነበር።

አባቴን እየደገፍኩ ወደ ቤት ወሰድኩት። በመንገድ ሁሉ ስለ ግጥሙ ያወራልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቤት ገብተን፣ ጠላ ቀርቦልን፣ እናቴ ለሥጋው ጎንበስ ቀና ስትል፣ እኔ አሁንም የሜዳው ጭብጨባ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አላስችል ብሎኝ፣ «ግጥሙን እንዴት አገኘኸው?» አልኩት።

አባቴ ጠላውን ተጎንጭቶ ዋንጫውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ደህና ገጥመሃል» አለኝ። «ነገ ያንን ማሳ የሚያርሰው ግን ያው እሱ ነው።»